መኪና ግርግር፦ በድምፅ ስም ያወጣ የሐረር መንገድ

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከመጀመሬ በፊት ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉና ይህን ስሙልኝ። ግርርር... ግርርር... ግርርር። አወቃችሁት? ሐረር ያደገ ሰው ገና ከመጀመሪያው አውቆታል። መኪና ግርግር ነው! ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው፣ ግራና ቀኙ ጨርቅ የተሰቀለበት፣ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ።

ስለ ታሪኩ ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት። ግን ስለ ጀጎል፣ በግንብ ስለታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በሠራሁት ቪዲዮ ላይ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ጽፋችሁልኛል፦ «መኪና ግርግር የተባለው መኪና ስለሚተራመስበት ነው።» አይደለም! አይደለም ወገኖቼ። ይህን ሳላጠራ አላልፍም።

እንዲህ ያሰባችሁት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ፈረስ መጋላ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ባጃጅና ታክሲ ነው፤ እነዚያ አሮጌ ፔጆዎችም አሉ፣ የሐረር ጌጦች። ግን ቃሉን ልብ በሉት። «መኪና» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማሽን ማለት ነው፣ የግድ ጎማ ያለው አይደለም። «የጽሕፈት መኪና» እንል የለ? «የልብስ ስፌት መኪና» እንል የለ? ግርግሩም የሰው ትርምስ አይደለም፣ ድምፅ ነው፤ እግር መርገጫውን ሲረግጠው፣ መንኮራኩሩ ሲዞር፣ መርፌው ሲወርድ የሚወጣው ድምፅ። ስም ያወጣው ጆሮ ነው! በንጉሥ ስም፣ በጦር አዝማች ስም የተጠራ ጎዳና ሞልቷል። በሚያሰማው ድምፅ የተጠራ መንገድ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ ለዚህ ነው ይህን መንገድ ከሁሉም አብልጬ የምወደው።

ደግሞ መኪና ካላችሁ አይቀር፣ የስፌት መኪናዋን ቀረብ ብለን እንያት። የእጅ መርፌ ዓይኑ ከኋላ ነው፣ የመኪናዋ መርፌ ግን ዓይኑ ጫፉ ላይ ነው። ክሩን ይዞ ጨርቁን ይበሳል፤ ከሥር ሌላ ክር ተደብቆ ይጠብቀዋል። የላዩ ክር የታችኛውን ዞሮ ያቅፈዋል፣ ስፌቱን ያጠብቃል፣ ይወጣል። አንደኛው ክር ብቻውን ቢሆን ስቡት፣ ተተርትሮ ይወጣል። ሁለቱ ሲያያዙ ግን ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም።

አሁን መንገዱን እዩት። ከላይ ፈረስ መጋላ፣ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ከታች ጊድር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ። መኪና ግርግር ሁለቱን የሚሰፋ ስፌት ነው! ጎንና ጎኑም እንደዚያው ነው፦ ጨርቅ ሻጩ የላይኛው ክር፣ ልብስ ሰፊው የታችኛው ክር። ከሱቁ ጨርቅ ትገዛላችሁ፣ ዞር ስትሉ ሰፊው እዚያው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ሱቁ ያለ ሰፊው፣ ሰፊውም ያለ ሱቁ አይቆምም። (ይህችን ምሳሌ ከወደዳችኋት ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለጓደኛም ላኩልኝ።)

ታሪኩን በአጭሩ፣ ዋና ዋናውን ታውቁታላችሁና። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር አሠሩ። ሐረር የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ሆነች፤ ቡና ይወጣል፣ ጨርቅ ይገባል፣ የራሷንም ገንዘብ ታትም ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ልበላችሁ፦ በ1875 ግብፆች ያዟት፣ በ1885 ወጡ። በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ ምኒልክ የሐረርን አሚር ድል አደረጉ። ቀጥሎ ባቡሩ መጣ፤ ግን ሐረርን ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ ትልቁም ንግድ ተከትሎት ወረደ። የስፌት መኪናዋስ? ፈጣሪው ሲንጀር ለስፌት መኪናው አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1851 ነው። ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መኪና ግርግርም አብሮ ገባ፣ ከነድምፁ።

እኔ ባለፈው የሄድኩት ሱሪ ላሳጥር ነው። ሽበታም ሰፊ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። «አባ፣ ነገ ልምጣ?» አልኳቸው። «አቦ ቁጭ በል! ነገ ምን ያደርጋል?» አሉና በርጩማ ሳቡልኝ። ሐረር «አንቱ» ብሎ የሚያርቅህ የለም። ጠርዙን በጥፍራቸው አጠፉ፣ ጠመኔ አሰመሩ፣ ከዚያ ግርርር። አንዲት ሴት በመሐል መጥታ የልጇን ቀሚስና ገናፊ፣ ያን ከቀሚስ ሥር የሚለበሰውን ጠባብ ሱሪ፣ ለሠርግ እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው። እግራቸው ሳይቆም «ይደርሳል» አሏት። የእኔን ክር በጥርሳቸው በጠሱ፣ ሱሪውን አራገፉ፣ አለቀ። ሻይ አልጨረስኩም ነበር።

ስለዚህ ሐረር ስትሄዱ ዝም ብላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ። አንድ ነገር አሰፉ፤ ኪስ የተቀደደበትም ቢሆን። ተዘጋጅቶ የተሰፋ ልብስ ገበያውን እየወሰደባቸው ነው፣ እኔ ይህ ያስጨንቀኛል። ድምፁ ከጠፋ ስሙን ለልጆቻችን በምን እናስረዳዋለን?

በሉ፣ አሁን ቁልቁል እንውረድ። ጊድር መጋላ ደርሰናል፤ የቅመሙ ሽታ ቀድሞ ይመጣል። ሥጋ የያዘ ሰው ካለ ግን ወደ ላይ ያስተውል፤ ጭልፊቶቹ ጣራው ላይ ናቸው።