የክሌር ገበሬዎች ያሸነፉት ምርጫ

ጤና ይስጥልኝ፤ ከሐዋሳ ነው የምናገረው። የዛሬው ጨዋታችን ራቅ ካለ አገር ይጀምራል፤ በአየርላንድ ምዕራብ ከምትገኘው ክሌር ከምትባል የገበሬ አውራጃ። የአየርላንድን ዓመታት የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክሌር ለለንደን ፓርላማ እንደራሴ ትልክ የነበረች የገጠር ምርጫ ክልል ናት። በ1922 አብዛኛው አየርላንድ ከብሪታኒያ ሲለይ ያ ውክልና አብሮ ቀረ። ታሪኳን ካነበብኩ ወዲህ ቁጣዬ አልበረደልኝም፤ ለዚህ ነው ላካፍላችሁ የፈለግኩት።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ በአየርላንድ ገጠር ለመምረጥ በዓመት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ይዞታ ያስፈልጋል። የዕድሜ ልክ ኪራይም እንደ ይዞታ ይቆጠራል። በ1793 ካቶሊኮች፣ ማለትም አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ እንዲመርጡ ሲፈቀድ ባለርስቶቹ መሬታቸውን እየሸነሸኑ ለድሃ ገበሬዎች ማከራየት አበዙ። ለገበሬው አዝነው አይደለም። ብዙ ገበሬ በመሬቱ ያሰፈረ ባለርስት ብዙ ድምፅ አለው። ምርጫው በምስጢር አይደለም፤ ገበሬው ሰው ሁሉ እየሰማ የሚመርጠውን ሰው ስም ይናገራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። የባለርስቱ ወኪል እዚያው ቆሞ ይሰማል። ውዝፍ ኪራይ ያለበት ሰው በዚያ ፊት ማንን ሊጠራ ነው?

ካቶሊክ መምረጥ ይችል እንጂ ፓርላማ መግባት አይችልም ነበር፤ እንደራሴ ሲገባ የሚፈጽመው መሐላ ሃይማኖቱን የሚያስክድ ነውና። በ1828 የክሌር እንደራሴ የነበረው ቬሲ ፊትዝጄራልድ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በጊዜው ሕግ እንዲህ የተሾመ ሰው እንደገና መመረጥ ነበረበት። ፊትዝጄራልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የካቶሊኮችን መብት ይደግፍ ነበር። ቢሆንም ካቶሊኩ ጠበቃ ዳንኤል ኦኮኔል ሊወዳደረው ተነሣ፤ ሕጉ ፓርላማ መግባትን እንጂ መወዳደርን አልከለከለውም።

ገበሬዎቹ ከቄሶቻቸው ጋር ተሰልፈው ወደ ኤኒስ ከተማ ገቡ። መጠጥ አይቀመስ ተባለ፤ አልተቀመሰም። ለቀናት በቆየው ምርጫ አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ ባለርስታቸው እየሰማ፣ የኦኮኔልን ስም ጠሩ። 2,057 ለ982። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ከእያንዳንዱ ድምፅ ጀርባ ያለውን ቤተሰብ ነው። ውዝፍ ያለበትን ገበሬ ባለርስቱ ሊያስነሣው ይችላል። ሰውየው ይህን ያውቃል፤ ሚስቱም ታውቃለች። እያወቁ ነው ያደረጉት። ጦር ሜዳ ከዋለ ጀግና አሳንሼ አላያቸውም።

መንግሥት ደነገጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዌሊንግተን የጦር ሰው ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳይነሣ ሰጋ። በሚያዝያ 1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከዚያው ጋር ሌላ ሕግ ወጣ፤ በአየርላንድ ገጠር ለመምረጥ የሚጠየቀው ይዞታ ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ ከፍ አለ፤ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበርና አምስት እጥፍ ማለት ነው። ከ200,000 በላይ የነበረው የገጠር መራጭ ወደ 40,000 ገደማ አሽቆለቆለ።

በሩን የከፈቱት ሰዎች ውጭ ቀሩ። ኦኮኔል በዚያው ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ዳግም ተመርጦ በ1830 ፓርላማ ገባ፤ ስሙን የጠሩለት ድሆች ግን መራጭነታቸውን አጡ። በዚህም አላበቃም፤ ድምፅ የሌለው ገበሬ ለባለርስቱ ፖለቲካዊ ጥቅሙ ስለቀረ፣ በመሬቱ ላይ የሚያቆየው አንዱ ምክንያት ጠፋ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የኦኮኔል ድል ሆኖ ይተረካል። ለእኔ ግን ታሪኩ የገበሬዎቹ ነው፤ የተደረገባቸውም ግፍ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1872 የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ ተደነገገ፤ በ1885 ክሌር ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ለሁለት ተከፈለች። በ1917 የምሥራቅ ክሌር እንደራሴ ዊሊ ሬድመንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሞት፣ የአየርላንድ ነፃነት ታጋዩ ኤመን ደ ቫሌራ ከእስር በወጣ በሳምንታት ውስጥ ተወዳድሮ 5,010 ለ2,035 አሸነፈ። ይህ ሰው ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በ1935፣ በእኛ በ1928፣ ፋሺስት ጣሊያን ሲነሣብን፣ የአየርላንድ መሪ ሆኖ በዠኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን እንዲያከብር ተናግሯል፤ በጣሊያን ላይ የተጣለውንም ማዕቀብ ደግፏል።

አሁን ወደ አገራችንና ወደ ራሳችን የዘመን አቆጣጠር ልመለስ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ለሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። ፓርቲ የለም። በክሌር መሬት የሚጠየቀው መራጩ ነበር፤ በእኛ ግን ተመራጩ በክልሉ ውስጥ ንብረት እንዲኖረው ግድ ሆነ። ጭሰኛው ይመርጣል፤ የሚመረጠው ባለንብረቱ ነው። እንዲህ በተዋቀረ ፓርላማ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ረቂቅ ሕግ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ተማሪዎች በየካቲት 1957 በፓርላማው ደጃፍ «መሬት ለአራሹ» ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ጭሰኝነትን ያስቀረውም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የደርግ አዋጅ እንጂ የዚያ ፓርላማ ድምፅ አይደለም።

አያቴ በዚያ ዘመን ከይርጋዓለም ወዲያ ጭሰኛ ነበሩ። ማንን እንደመረጡ ስጠይቃቸው የተመራጩን ስም አልጠሩልኝም፤ «ጌታዬ ያሉኝን» ብቻ ነው ያሉት። በአያቴ አልፈረድኩም። ግን ለአንድ ቀን እንኳ የልባቸውን ስም በአደባባይ ጠርተው ቢሆን ብዬ እመኛለሁ።

በሲዳሞ ገጠር በንጉሡ ዘመን ድምፅ የሰጡ አያቶች ያሏችሁ አድማጮች፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቁልኝ። ምርጫው የት ቦታ ተደረገ? ባለርስቱ በአካባቢው ነበር? ዕጩዎቹንስ ያውቋቸው ነበር? ፈቃዳቸው ከሆነ ድምፃቸውን ቀርጻችሁ ላኩልኝ። የሚቀጥለውን ክፍል የማዘጋጀው ከእነሱ ቃል ነው።