አባቴን አንተ አልልም

እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ዛሬ ትንሽ ዘጋ ብሏል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴ ላይ ተለጥፏል። ደሴ በዚህ ሰዓት እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የጎረቤት ዶሮም እንደ ሁልጊዜው አብሮን አለ። ስም አውጡለት ብያችሁ አርባ ስም የላካችሁለት ዶሮ። አልረሳሁም፣ አንድ ቀን እንመርጥለታለን።

ዛሬ ስለ ባቲ ገበያ ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየን። ሌላ ነገር ይዞኛል። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ቡና ሳፈላ ይመጣብኛል። ባጃጅ ስጠብቅ ይመጣብኛል። ለማንም አላወራሁትም። ለኩባው ጋሼ ብቻ ነካ አድርጌላቸዋለሁ።

የቋንቋ ክበባችንን ታውቁታላችሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ማክሰኞ ስፓኒሽ፣ ሐሙስ ፈረንሳይኛ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንጀምራለን። የዚያን ሐሙስ የስልክ ንግግር ነበር የምንማረው። ማን ልበል፣ ደህና ነህ ወይ፣ መቼ ትመጣለህ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ኮፒ ቤት ያባዛሁት ወረቀት ላይ ስልክ ጆሮው ላይ የያዘ ልጅ ተሥሏል። "ለአባታችሁ ደውላችኋል። አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፣ አንድ ብቻ። በፈረንሳይኛ ጻፉት" አልኳቸው። አሥር ደቂቃ ሰጠሁና ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ደብተር እያየሁ መዞር ጀመርኩ።

ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም፣ የሰው ልጅ ነው። ሰባተኛ ክፍል። ዝምተኛ ነው፣ ጽሕፈቱ ግን እንዴት ያምራል። "ፓፓ፣ ቩ ቭኔ ካን?" ብሎ ጽፏል። አባባ፣ መቼ ይመጣሉ? ማለት ነው።

"ቩ ቭኔ" የሚለውን በቀይ ከበብኩት። ከላዩ "ቱ ቪየን" ብዬ ጻፍኩ። መቼ ትመጣለህ። ከዚያ ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ልጆች፣ ለአባት ቩ አይባልም። ቱ ነው።"

ልጁ ቀና አለ። "ቲቸር፣ እኔ አባቴን አንተ አልልም" አለ።

ክፍሉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ የልጅ ሳቅ ነው። እኔም ሳቄ መጣ። "በፈረንሳይኛ እኮ ነው፣ አባትህ አይሰሙም" አልኩት።

"ይሰማሉ" አለ። "ጅቡቲ ናቸው።"

ከዚያ ወደሚቀጥለው ዴስክ አለፍኩ።

አለፍኩ። እዚህ ላይ ነው የምመላለሰው። መልስ አልሰጠሁትም። ዝም እንኳን አላልኩም። የሚቀጥለዋን ልጅ ደብተር አየሁ። "ፓፓ፣ ጫማ ገዛህልኝ?" ብላ ጽፋለች፣ አንዲት ፊደል ጎድሏታል፣ እሷን አረምኩ።

አባትየው ተሳቢ ነው የሚነዱት። ከኮምቦልቻ ተነስተው፣ በባቲ ወርደው፣ ሚሌ ገብተው፣ በጋላፊ ይሻገራሉ። ከዚያ ወደብ። ይህን አውቅ ነበር እኮ! መስከረም ላይ ሲመዘገቡ "ለምን ፈረንሳይኛ ለመማር ፈለግህ?" የሚል ጥያቄ አለኝ። ሌሎቹ "አስጎብኚ ለመሆን"፣ "ላሊበላ ለመሥራት" ይላሉ። እሱ "አባቴ ጅቡቲ ስለሚመላለሱ" ብሎ ነው የጻፈው። ጅቡቲ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። አባትየው ወደቡ ላይ ቦንዡር፣ ሳ ቫ፣ ሜርሲ ሲባባሉ ለምደዋል። ማታ ሲደውሉ ከልጃቸው ጋር በዚያችው ይጫወታሉ። ልጁ ራሱ ነው አንድ ቀን ደስ ብሎት ያወራን።

እኔ መልመጃ ሰጠሁት። እሱ የልቡን ጻፈልኝ።

ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። እኔ ራሴ "አባትህ አይሰማም" አላልኩም። "አይሰሙም" ነው ያልኩት። አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰው በአክብሮት እየጠራሁ፣ ልጃቸውን ግን አንተ በላቸው እላለሁ።

እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ልጁ ያሰበበት መንገድ ያምራል። እሱ ቤት "አባቴ መጣ" አይባልም። "አባቴ መጡ" ነው። "መጡ" ደግሞ ብዙ ሰዎች መጡም ማለት ነው። እኛ አንድን ሰው ስናከብረው እናበዛዋለን። ፈረንሳዮቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቩ እናንተም ነው፣ እርስዎም ነው። ማንም ሳይነግረው እዚያ ደርሷል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ልጅ ጀርባው መታሸት ነበረበት። እኔ ከበብኩበት።

ደግሞ ስህተት አይደለም። ይህን ልድገመው። ዛሬ አብዛኛው የፈረንሳይ ልጅ አባቱን ቱ ነው የሚለው፣ እውነት ነው። ግን እስከ ዛሬም ወላጆቻቸውን ቩ የሚሉ ቤቶች አሉ። ድሮ ደግሞ በትልልቆቹ ቤቶች ደንቡ እሱ ነበር። ብርቅ ይሆናል እንጂ ስህተት አይባልም። ይህን ተምሬዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶ እጄ ላይ ሲኖር ግን የት እንደሚሄድብኝ አላውቅም።

ማክሰኞ ቢሆን ኖሮስ? እሱን ሳስብ ይብስብኛል። በስፓኒሽ "ኳንዶ ቢዬኔ ኡስቴድ?"፣ እርስዎ መቼ ይመጣሉ፣ ብሎ ቢጽፍ ራይት ነበር የማደርግለት። ኮሎምቢያና ኮስታሪካ ውስጥ እናትና አባታቸውን ኡስቴድ እያሉ የሚያድጉ ልጆች ሞልተዋል። ያው ልጅ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ዴስክ። በሁለት ቀን ልዩነት ትክክል ይሆን ነበር። የስፔን ልጅ ግን ቱ ነው የሚለው፣ ስለዚህ... እዚህም ላይ እርግጠኛ ሆኜ አላወራም።

ኡስቴድ ከምን እንደመጣ ነግሬያችኋለሁ? "ቩዌስትራ ሜርሴድ" ከሚል ነው። ጸጋዎ፣ ምሕረትዎ እንደ ማለት። ሲሮጥ ሲሮጥ አጠረና ኡስቴድ ሆነ። የእኛ እርስዎ ደግሞ ከርእስ ነው፣ ራስዎ ማለት ነው። ሰውዬውን በቀጥታ ከመጥራት ጸጋውን መጥራት፣ ራሱን መጥራት። ሁሉም አገር ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ትንሽ ዘወር የሚልበት መንገድ አለው።

እግዜርን ግን አንተ እንላለን። ገርሟችሁ አያውቅም? ቤተ ክርስቲያንም "አንተ ታውቃለህ"፣ ዱዓ ላይም "ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ"። እዚህ ወሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም እየሰማን ነው ያደግነው። አባቱን አንቱ የሚል ልጅ ፈጣሪውን አንተ ይላል። ፈረንሳዮቹ ደግሞ "አባታችን ሆይ"ን ለረጅም ዘመን በቩ ነበር የሚጸልዩት። ካቶሊኮቹ ወደ ቱ የቀየሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አስቡት፣ አሮጊቶቹ ያን ዕለት ምን ተሰማቸው? ዕድሜ ልክ ቩ ብለው፣ አንድ እሑድ ጠዋት ቱ በሉ ሲባሉ። ከንፈራቸው እሺ አላቸው ይሆን?

ወደ ልጁ ልመለስ። ቆይ፣ መጀመሪያ ግን የፀሐይዋን ቀን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ክበባችን እንዲህ ብቻ መስሎ እንዲታያችሁ አልፈልግም። ኅዳር ላይ ፆታ ስናስተምር ፀሐይ በፈረንሳይኛም በስፓኒሽም ወንድ ነው አልኳቸው። ለ ሶሌይ፣ ኤል ሶል። ክፍሉ ተነሣብኝ! "ቲቸር፣ ፀሐይ ወጣች ነው እኮ የሚባለው!" ጨረቃ ሴት ናት ስላቸው ረጋ አሉ፣ ላ ሉን፣ ላ ሉና። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን አልተዋጠላትም። ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ "ታዲያ እዚያ አገር ማን ያሞቃቸዋል?" አለች። የዚያን ቀን ደስታዬ ለሳምንት በቃኝ። ልጆቹ ሲከራከሩኝ ነው ክፍሉ የሚሞቀው። እና ያ ልጅ የተከራከረኝ ለት ለምን አልሞቀኝም? እሱም እኮ ያው ነገር ነው ያደረገው።

ሰዎች ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ እዚህ ምን ያደርጋል ይሉኛል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ ለገሃር የምንለውም "ላ ጋር" ነው። ሁለቱም የአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች ናቸው። ይህን መልስ ሸምድጄዋለሁ። የልጁ መልስ ግን ከእኔው ይበልጣል። አባቴ ጅቡቲ ስለሚመላለሱ።

ኩባው ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። "ማ ኦ ሜኖ"ን ለሁላችንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ኩባ ላይ ኤስ የምትባለዋን ፊደል ይውጧታል፣ "ማስ ኦ ሜኖስ" ማለት ነበረበት፣ ይብዛም ይነስም እንደ ማለት ነው። እሳቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩባ ወጣቶች ደሴት ከሄዱት ልጆች አንዱ ናቸው። ብዙዎቹ በሶማሊያ ጦርነት ወላጅ ያጡ ነበሩ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ። ቅዳሜ ቡና ላይ የልጁን ነገር አነሣሁባቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"እኔ" አሉኝ፣ "ለዓመታት ትልቁንም ትንሹንም ቱ ስል ኖሬ ስመለስ አፌ አንቱን ረስቶታል። አክስቴን አንቺ አልኳቸው። ምንም አላሉኝም። እንጀራ አቀረቡልኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማሁ።"

ምን እንደምል ጠፋኝ። አብሽር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፣ ግን ለትልቅ ሰው አብሽር ይባላል? ከአርባ ዓመት በኋላስ ይባላል? ጀበናዋን ነካካሁ።

ከዚያ እሳቸው "ለመሆኑ አባትየው መጡ?" አሉኝ።

አላውቅም። ያን ያህል ቀን ስለ ቱና ስለ ቩ ሳስብ ከርሜ፣ ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የታረመውን በንጹሕ ገልብጣችሁ አምጡ ብዬ ነበር፣ ደብተር ሰበሰብኩ። የእሱን ከፈትኩ። "ፓፓ፣ ቱ ቪየን ካን?" በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ። ስህተት የለበትም። ራይት አደረግኩለት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው ያደረገው። ቱ የምትለዋን ሲጽፍ እስክሪብቶውን በጣም ተጭኗል። ገጹን ስትገለብጡት ከጀርባው በጣት ትዳሰሳለች።

ምናልባት ምንም አይደለም። ልጆች ቶሎ ይረሳሉ። ምናልባት "ፈረንሳይኛ እንዲህ ነው በቃ" ብሎ ተቀብሎታል፣ ቋንቋ መማርም እኮ ይኼው ነው፣ የሌላ ሰው ቤት ገብቶ በእነሱ ደንብ መቀመጥ። ነገ ፈረንሳይ ቢሄድ አባቱን ቩ ሲል ቢሰሙት ግር ይላቸዋል፣ ይህንን ማወቅ አለበት፣ ማሳወቅ ሥራዬ ነው። እኔ ደግሞ አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት። የእሱን ስሜት አጋንኜው ይሆናል። አላውቅም። ደግሞ ያችን ገጽ ስዳስሳት...

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ስፓኒሽ ነበረን። ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበር። ቀለማት ተማርን። ስሙ ሲጠራ መለሰ፣ በደንብ ነው የመለሰው። ሊወጣ ሲል "አባባ መጡ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጓደኞቹ በሩ ላይ ይጠብቁታል። አልመጡም ቢለኝስ? ያ መንገድ መቼም መንገድ ነው። ቦርሳውን አዝሎ ሄደ።

ደብተሩ እዚህ ነው፣ ማይኩ አጠገብ። ከነገ ወዲያ እመልስለታለሁ። ያ ቀይ ክብ አለ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። ከጎኑ አንድ ነገር ልጽፍ እፈልጋለሁ። ክፍሉ ፊት ከምናገር እሱ ይሻላል፣ ድጋሚ ሁሉም ዞሮ እንዲያየው አልፈልግም። ግን ክፍሉም እኮ ሰምቷል፣ ለአባት ቩ አይባልም ብያለሁ፣ ሃያ ሦስት ልጅ ሰምቶኛል...

ቆይ፣ መብራት ሄደ። ይቀዳል? እ፣ ይቀዳል። ባትሪ አለው።

በሰማያዊ ነው የምጽፈው፣ እሱን ወስኛለሁ። በፈረንሳይኛ ይሁን በአማርኛ ግን... በአማርኛ ከሆነ "አባባ መጡ ወይ?" ነው የምለው። በፈረንሳይኛ ከሆነ ደግሞ እሱን ራሱን ቱ ልበለው ወይስ...