ክረምቱን ሳታዩ ሲሚንቶ አትግዙ

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ካምፕ ቦታዬ እንድናገር ስጠየቅ ደንግጬ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 60 ክፍል ያለው ሆቴል የሚያስተዳድር ሰው ተቀምጧል። እኔ ያለኝ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ቁራጭ መሬት፣ 2 ሽንት ቤት፣ 2 ሻወርና 6 የመኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ስለ ስኬት አላወራም። የማወራው ስለ ጭቃ ነው።

ደንበኞቼ መኪናቸው ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ያላቸው መንገደኞች ናቸው። አንዳንዱ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ድረስ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ለሚወርድ ሐዋሳ መንገዱ ላይ ናት። ታዲያ ቤቱን ይዞ ለሚዞር ሰው እኔ ምን ልሸጥለት እችላለሁ? ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ራሴን አልጠየቅኩም። ጥፋቴ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ጎጆ ነበር። የሣር ክዳን፣ የቀርከሃ ወንበር፣ ለፎቶ የሚሆን። ያለኝን ብር እዚያ ላይ ጨረስኩ። ከዚያ አንድ ኤፍኤስአር የሚያክል ካምፐር መጣ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ሸብተዋል። ጎጆዬን ዞር ብለውም አላዩት። ሴትየዋ ወርደው መሬቱን በጫማቸው ተረከዝ ጫን ጫን አደረጉት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም "ኖ ፕሮብሌም!" አልኩ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት የኋላ ጎማው እስከ ግማሹ ሰምጦ አገኘነው። ትራክተር ለምኜ፣ የሰፈር ወጣት ሰብስቤ፣ በስንት መከራ እኩለ ቀን ላይ ወጣ። እነሱ የከፈሉኝ የአንድ አዳር ነው። ለትራክተሩ የከፈልኩትን ግን ባልናገር ይሻላል፤ ባለቤቴ እዚህ አለች።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጃንጥላ ይዤ ግቢውን መዞር ብቻ። ጎረቤት ነካ አድርጎታል ብሎ ነበር። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ እያየሁ ችካል ተከልኩ። መስከረም ሲጠባ ፕላኑን ያወጡልኝ ችካሎቹ ናቸው። ውሃ የሚወርድበት ላይ ቦይ ቆፈርን። የሚተኛበት ላይ ዛፍ ተከልን። ደረቅ ሆኖ የከረመውን አፈሩን ገፍፈን ሴሌክት የሚባለውን የሙሌት አፈር ደፋንበት፣ ጠቀጠቅነው፣ ከላይ ጠጠር አለበስነው። 10 ማቆሚያ ፈልጌ ነበር። መሬቱ 6 አለኝ።

ማቆሚያው መድረቁ ብቻ አይበቃም፤ ውሃ ልክም መሆን አለበት፣ ወደ የትም ያላዘመመ። ብዙዎቹ መኪኖች በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አላቸው። መኪናው ካዘመመ ማቀዝቀዣው በደንብ አይሠራም። ይህን የነገረኝ ሥጋው የተበላሸበት ደንበኛ ነው። ከፍታም አለ። ቁመታቸው 3.5 ሜትር የሚደርስ መኪኖች ይመጣሉ። ግራሮቼን መቁረጥ አልፈለግኩም፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ከርክሜ 4 ሜትር ክፍት አደረግኩ። እሾሁን ግን በየጠዋቱ እንጠርጋለን፤ ደንበኛን በጎሚስታ መሸኘት ነውር ነው።

መብራት ላይም ተምሬያለሁ። ለሁሉም ማቆሚያ አንድ መስመር ዘርግቼ፣ ያንኑ መስመር ከወጥ ቤቱ ጋር አገናኘሁት። እንጀራ የሚጋገር ቀን ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ፈረንጁ ደግሞ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይወጣል። አሁን ምጣዱ የራሱ መስመር አለው፣ እያንዳንዱ ማቆሚያም የራሱ ብሬከር። መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፑ ስለሚቆም ሮቶውን ከፍ አድርገን ሰቅለነዋል፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል።

አሁን ወደ ፍሳሹ ልምጣ። ሐይቃችን መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ግን የለም። የለቀቅንበት ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ የምንበላው አሳ፣ ቀረሶውም እዚያው ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጉድጓዴን ከውሃው አርቄ፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ ነው ያስቆፈርኩት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። እኔ ሳላውቅ እያስደፋሁ ጉድጓዱ ሸተተ። አሁን ኬሚካል ላለው ፍሳሽ ለብቻው የተዘጋ ታንከር አለ፤ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። ወጪ ነው፣ አልዋሽም።

ጉማሬን ሳልጠቅስ ብወርድ የሐዋሳ ሰው አይደለህም ትሉኛላችሁ። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋ ሰው ወየውለት። ስለዚህ ዳሩ ላይ ማንንም አላሳድርም። "እይታው እዚያ ያምራል" የሚል ይመጣል። ቀን እዚያ ተቀመጥ፣ ማታ ወደ ላይ ተመለስ እለዋለሁ። ተቆጥቶ የሄደም አለ፤ ይሂድ።

ምን እሸጥለታለሁ ብዬ ነበር አይደል? ደረቅ መሬት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ጸጥታ። ከዚያ ጠዋት ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ የመጣ አሳ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ካልቀደመን። ጎጆዋም አልፈረሰችም። የማገዶ ማስቀመጫ ሆናለች።

የውሃ ልክ ቱቦዬን ይዤ መጥቻለሁ። ከሻይ በፊት ፀሐዩ ሳይበረታ ግቢው ውስጥ አንድ ማቆሚያ እንለካ። አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ። አመሰግናለሁ።