አውራ ጣቴ የለመደው ጥግ

እሺ። ዛሬ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ክፍል ነበር የማቀርበው። ይቆየን። አንድ ነገር ከእሑድ ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል።

ስልኬን አጸዳሁት። አዎ፣ በመጨረሻ። «ዛሬ ማታ አጸዳዋለሁ» እያልኩ ስንት ክፍል ያለፈበትን ያንኑ ስልክ። አንዱን አፕ ጫን አድርጌ ያዝኩት፣ ሁሉም መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ። ይሄ ይጥፋ። ይሄ ይቆይ። ይሄን ደግሞ መቼ ነው ያወረድኩት?

መጀመሪያው ገጽ ላይ ስምንት አፕ ብቻ ተውኩ። ሌላው ፎልደር ውስጥ ገባ። ስለ ፎልደር አንድ ነገር ልበል። «ሥራ»፣ «መዝናኛ» እያሉ መከፋፈል ለእኔ አልሠራም። ድምፅ መቅጃው የትኛው ውስጥ ይግባ? ለእኔ ሁለቱም ነው። በማደርገው ነገር ስሰይማቸው ግን ቀለለኝ። «ክፈል»። «ጻፍ»። «ሂድ»። አይፎን ላይ ፎልደር የመጣው በፈረንጆቹ 2010 ነው፤ ከዚያ በፊት ገጽ በገጽ እየገፉ መፈለግ ነበር። በ2020 ደግሞ አፑን ሳያጠፉ ከገጹ ላይ ብቻ ማንሳት ተቻለ። አንድሮይድ ያለው ሰው ይሄን ሲሰማ «እኛ ጋ ድሮም ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ ጥጉ።

ያንን አፕ፣ የትኛውን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። በነበረበት ቦታ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ማስታወሻውን አስቀመጥኩ። ጣቴ በልማድ ወደዚያ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ነገር እጽፋለሁ ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ነኝ። ስልኬን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። አውራ ጣቴ ሄዶ ጥጉን ነካ። እኔ አላዘዝኩትም። ማስታወሻው ተከፈተ። አንድ መስመር አለ።

«ለእህቴ የምነግራት፦»

ከዚያ ባዶ። ነጭ ገጽ። ቀኑን አየሁት፤ ሰባት ወር አልፎታል። የሊፍቱ በር ተከፈተ፣ ሰው ወጣ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ነጥቧን ሳይቀር አድርጌያለሁ እኮ። ልዘረዝር ነበር ማለት ነው። ከአንድ በላይ ነገር ነበር።

ቀኑን ሙሉ ያው ሆነ። ስልኬን አነሳለሁ፣ ጣቴ ጥጉን ይነካል፣ «ለእህቴ የምነግራት»። ማታ ስክሪን ታይም ውስጥ ገባሁ። ስልኩን ስንቴ እንዳነሳችሁትና መጀመሪያ ምን እንደከፈታችሁ ያሳያል። ማስታወሻ፣ 31። ሠላሳ አንድ ጊዜ ያቺን መስመር አይቻለሁ። ሠላሳ አንዱንም ጊዜ ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር የመጣሁት።

እንዴት እንደተቋረጠ መገመት አያቅተኝም። እየጻፍኩ ሳለ ከላይ ኖቲፊኬሽን ወርዶ ይሆናል። ነክቼው ሄጄ ይሆናል። ከዚያ ሳልመለስ ቀረሁ። ለዚህ ነው አሁን ከስልክ ጥሪና ከመልእክት በስተቀር ሁሉንም የዘጋሁት፤ ቀያዮቹን ቁጥሮችም ጭምር። ይሄን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ለውጥ አለው። ገጹ ዝም ይላል። ስልኩን ጥቁርና ነጭ አድርጌም ሞክሬ ነበር፤ የሰዎቼ ፎቶ ግራጫ ሲሆን ሆዴ አልቻለም፣ መለስኩት።

ማጽዳቱ ጠቀመኝ ወይ? የጠቀመኝ ይመስለኛል። ካርታ ስፈልግ ካርታ አገኛለሁ። ግን ሐሙስ ላይ ጣቴ ራሱ ሁለቴ ገፍቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሶ አገኘሁት። አራት ቀን ነው የፈጀበት። ስለዚህ... አላውቅም።

ለእህቴ ልደውልላት አስቤ ነበር። ደውዬ ምን ልበላት? «ልነግርሽ የነበረ ነገር ነበር፣ ረሳሁት»? ትጨነቃለች፤ ታውቋታላችሁ።

ትናንት ማታ መስመሩን ላጠፋው ከፈትኩት። እጄ እምቢ አለኝ። «የምጠይቃት» አይልም እኮ፤ «የምነግራት» ነው የሚለው። ከእኔ የሚወጣ ነገር ነበር ማለት ነው። ከሰባት ወር በፊት... ቤት የቀየርኩ ሰሞን? አይ፣ እሱ ከዚያ በፊት ነው። ምናልባት ያ...