የሚዋጠውና የሚቀባው

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ከመሳቢያዬ ስላወጣኋት አንዲት የቪታሚን ዲ ብልቃጥ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጥታ፣ የብልቃጧ አፍ ላይ ያለውን ጥጥ በጥፍሯ እያወጣች «ልጄ፣ ይቺን ብቻ ዋጪ፣ ቆዳሽን ታጠራዋለች» ብላኝ ነበር።

ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ከያዘኝ 11 ዓመት ሆኖኛል። ክርኔና ጉልበቴ ላይ የሚወጣው ነገር እንደ እኔ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቀይ ሳይሆን ወደ ወይን ጠጅና ወደ ግራጫ ያደላል። ጤናማ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ሲፈጅበት፣ ይህ የታመመ ቆዳ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጨርሰው ያልበሰሉት ሴሎች ተደራርበው ቅርፊት ይሆናሉ፤ ጥቁር ሹራቤን ማታ ሳወልቅ እጅጌው ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

የአክስቴ እምነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓን ውስጥ ለአጥንት መሳሳት አንድ ዓይነት ቪታሚን ዲ ሲወስድ የነበረ ሕመምተኛ ሶሪያሲሱ ሳይታሰብ እንደተሻለው ሐኪሞቹ ጻፉ። ሰውየው መድኃኒቱን የወሰደው በአፉ መሆኑን አልደብቃችሁም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መድኃኒት በብዛት ሲዋጥ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሐሳቡ ቀስ በቀስ ወደ ቅባት ዞረና የቆዳ ሴሎችን ጥድፊያ እዚያው ቦታው ላይ የሚያረግበው፣ ከቪታሚን ዲ የተሠራው ካልሲፖትሪዮል ተገኘ። ሐኪሜ ያዘዘችልኝም እሱን ነው።

ተራው እንክብልስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ሶሪያሲስ ያለባቸውን 122 ሰዎች ክረምቱን ለ4 ወራት ሲከታተል፣ ቪታሚን ዲ የዋጡት ካልዋጡት የተሻለ ለውጥ አላሳዩም። ኒያሲን በተባለ ቪታሚን እጥረት በሚመጣው ፔላግራ በተባለ በሽታ እጥረቱ ራሱ በሽታው ስለሆነ ቪታሚኑ ሲመለስ ቆዳው ይድናል፤ ሶሪያሲስ ግን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባት ነው። ሐኪሜ ደሜን አስመርምራ እጥረት ቢገኝብኝ እንክብሉን ለአጥንቴ ስል እንድወስደው፣ ከክርኔ ጋር ግን እንዳላገናኘው ነገረችኝ።

እኔ ግን አገናኘሁት። ቅባቱ አንሶላ ያቆሽሻል፣ ሳይደርቅ ልብስ መልበስ ያስቸግራል፣ በየዕለቱም ክርንን አጥፎ መመልከትን ይጠይቃል፤ እንክብሉ ግን በአንድ ጉንጭ ውኃ ያልቃል። ስለዚህ ለ8 ወራት ቅባቱን ትቼ እንክብሉን ዋጥሁ፤ ቅርፊቱም ከክርኔ ወደ ክንዴ ወጣ። ወደ ቅባቱ ስመለስ ለውጥ ለማየት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደውላ ተሻለሽ ወይ ስትለኝ፣ የረዳኝ ከቪታሚን ዲ የተሠራ ቅባት መሆኑን በዝርዝር አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ እሱም ቪታሚን ከሆነ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።