ካቆምንበት ባይት እንቀጥል

የተከበራችሁ የሰርቨር አስተዳዳሪዎችና ፕሮግራመሮች፣

አገልግሎት ሲቋረጥ ሁላችንም የምንሮጠው ሰርቨሩ የሥራውን መዝገብ ወደሚጽፍበት ሎግ ፋይል ነው። ፋይሉ 10 ጊጋባይት ቢሆን፣ መስመራችንም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ቢያስተላልፍ፣ ሙሉውን መገልበጥ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገልብጠን ስንጨርስ ደግሞ ዋናው ፋይል አድጎ ይጠብቀናል። ደንበኛ መልስ እየጠበቀ እንዲህ ያለ ብክነት ያንገበግበኛል፤ የምንፈልገው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ መስመሮች ነውና።

ለአንድ ጊዜ ፍለጋ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፍለጋውን ፋይሉ ወዳለበት እንላከው። ከሩቅ ሆነን ሰርቨሩን በምናዝበት በኤስኤስኤች ገብተን፣ መስመር ፈላጊውን ትእዛዝ ግሬፕን እዚያው ብናስሠራ፣ በኔትወርኩ የሚያልፈው የተገኘው መስመር ብቻ ይሆናል።

ጭንቁ ያለው ዘወትር የሚያድገውን ፋይል ከሩቅ መከታተል ላይ ነው። ዳዊት ደጋሚ ማክሰኞ የማክሰኞን ይደግማል እንጂ ወደ ሰኞው አይመለስም፤ ፕሮግራማችንም እስከ የትኛው ባይት እንዳነበበ መዝግቦ ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ ይጠይቅ። ሎጉ እንደ ድረ ገጽ በኤችቲቲፒ የሚቀርብ ከሆነ፣ የፋይሉን ክፍል ብቻ የሚጠይቀው ሬንጅ የተባለው መጠየቂያ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሰርቨሩ 206 የሚል የመልስ ቁጥር ከመለሰ የጠየቅነውን ክፍል ልኮልናል። 200 ከመለሰ ግን ሙሉውን ፋይል እየላከ ነውና ግንኙነቱን ወዲያው እናቋርጥ። 416 ከመጣ ወይ አዲስ ነገር የለም፣ ወይ ፋይሉ አጥሯል።

ፋይል ለምን ያጥራል? ሎግ ሲሞላ አሮጌው ስሙ ተቀይሮ በቦታው አዲስ ይከፈታል። መጠኑ ከመዘገብነው ቦታ ካነሰ ከዜሮ እንጀምራለን። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፦ አዲሱ ፋይል እኛ ሳንመለስ ከአሮጌው ቦታችን አልፎ ካደገ፣ የመጠን ንጽጽር ምንም አይነግረንም፤ መስመሮች ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። ስለዚህ የፋይሉን የመጀመሪያ 1024 ባይቶች አሻራ፣ ማለትም ከይዘታቸው የሚሰላ አጭር መለያ፣ ይዘን በየጊዜው እናመሳክር። አሻራው ከተለወጠ ከአሮጌው ፋይል ያልተነበበውን ጭራም ፈልገን እናንብብ።

የመጨረሻው መስመር ገና እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው የመስመር መለያ ድረስ ብቻ ተቀብለን ቀሪውን ለቀጣዩ ዙር እንተወው። በአማርኛ ለሚጽፍ ይህ ይብሳል፤ ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ደንብ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና በዘፈቀደ የተቆረጠ ንባብ ፊደሉን ይሰብረዋል። የመስመር መለያው ባይት ግን በፊደል ውስጥ ፈጽሞ አይገኝምና እዚያ ላይ መቁረጥ አያሰጋም።

ያነበብንበትን ቦታ የምንመዘግበው መስመሮቹ ዳታቤዝ ከገቡ በኋላ ይሁን። ቀድመን ከመዘገብንና ፕሮግራሙ መሐል ላይ ከቆመ፣ ያልገቡት መስመሮች እንደተነበቡ ተቆጥረው ይቀራሉ። ዘግይተን ከመዘገብን ጥቂቶቹ ሁለት ጊዜ ይገቡ ይሆናል፤ የተደገመን ግን ለይቶ መሰረዝ ይቻላል። ዳታቤዙ ከፈቀደ መስመሮቹንም ቦታውንም በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ አብረው እንዲገቡ ወይ አብረው እንዲቀሩ አድርገን፣ እናስገባቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።