የዘንድሮን ቀለም ማን አወጣው?

ትዕግስት፦ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ ልክ የለውም። ደረጀ ጋቢውን ደርቦ ነው ስቱዲዮ የገባው።

ደረጀ፦ ስቱዲዮ ትለዋለች! ወገኖቼ፣ የእሷ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ማይኩ የቆመው ጥቅል ጨርቅ ላይ ነው።

ትዕግስት፦ ጨርቅ ማስተጋባት ይቀንሳል፣ አትነጫነጭ። በል ወደ ቀለም እንግባ። ደንበኞቼ ስልክ እያሳዩ «ይኼ ዘንድሮ የወጣው ቀለም ነው» ይሉኛል። የሚያወጣው ማነው?

ደረጀ፦ ፓንቶን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። ዋና ሥራው ለቀለም ቁጥር መስጠት ነው። አንቺ እዚህ፣ ፋብሪካው ቻይና ሆናችሁ አንድ ቁጥር ከጠራችሁ ስለ አንድ ቀለም ነው የምታወሩት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ደግሞ «የዓመቱ ቀለም» እያለ ይሰይማል። የመጀመሪያው ሰማያዊ ነበር። የ2025ቱ ሞካ ሙስ የሚሉት ለስላሳ ቡናማ ነው። የ2026ቱ ደግሞ ነጭ፤ ክላውድ ዳንሰር ብለውታል።

ትዕግስት፦ ነጭ? እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይላሉ! ቡናማው ራሱ እኮ የመንዝ ነው። የመንዝ በግ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ ነው። ሴቶቹ ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ሸማኔ ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም የሱፍ ልብሶች ይሠራዋል። ብዙ ጊዜ ቀለም አይነከርም፤ በጉ የሰጠው ቀለም ነው።

ደረጀ፦ አሁን ያ ባና አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሶፋ ላይ ተነጥፎ ፎቶ ይነሳል። ቤተሰብ ጋ ብርድ መከላከያ ነበር።

ትዕግስት፦ ዋጋውም አብሮ ፎቶ ተነሳ። ግን የእነዚህ ቀለም አውጪዎች ትንቢት እንዴት ይይዝላቸዋል?

ደረጀ፦ ትንቢት አይደለም ባይ ነኝ። ክርና ጨርቅ አምራቹ ቀድሞ መንከር አለበት። ስለዚህ የፋሽን ቀለም ባለሙያዎች ቀለሙን ሱቅ ከመድረሱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድመው ይመርጣሉ። አምራቹ ያንን ያመርታል፣ ነጋዴው ያንን ያመጣል። አንቺ መርካቶ ስትወርጂ የምታገኚው እሱን ነው። ከዚያ «ሰው ይኼን ቀለም ወደደ» ይባላል።

ትዕግስት፦ ሌላ ቀለም ክር ስጠይቅ «የለም» የሚለኝ ነጋዴም ገባኝ። ግን ሁሉም አይሳካም። ለጥምቀት ፋሽን ነው ተብሎ የተሰፋ ቀሚስ እጄ ላይ ቀርቶ ያውቃል።

ደረጀ፦ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ...

ትዕግስት፦ ይበጣጠስ! አልበጣጠስኩትም፣ ለሠርግ ሸጥኩት።

ደረጀ፦ በነገራችን ላይ ሐምራዊን ለሕዝብ ያደረሰው አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር፣ ዕቃው ውስጥ ሐምራዊ ማቅለሚያ ቀረለት። በጥንት ዘመን ምርጡ ሐምራዊ የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር፤ ዋጋው የነገሥታት ነው።

ትዕግስት፦ ወባ ሲያባርር ቀለም ያዘ! እሺ፣ አሁን የማልወደው ነገር። «ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቀይ ያስርባል፣ ቢጫ ያስደስታል» የሚል ሥዕል ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ይላክልኛል።

ደረጀ፦ ባነርና ታፔላ የምሠራው እኔ ጋማ ምግብ ቤት የሚከፍት ሁሉ «ባነሩን ቀይ አድርገው፣ ያስርባል» ይለኛል። ቀይ ከሩቅ ይታያል፣ እሱን እቀበላለሁ። ያስርባል ለሚለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ደግሞ በዚህ በደጋ ፀሐይ ቶሎ የሚለቀው ቀዩና ቢጫው ነው። ቆይተሽ ስታዪው ባነሩ ላይ ያለውን ክትፎ ሰማያዊ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ትዕግስት፦ ሰማያዊ ክትፎ! እሱስ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

ደረጀ፦ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የባሕር ኃይል እስረኞችን ያረጋጋል ብለው ክፍል ሮዝ ቀብተው ነበር። በጣም ተወራለት። በኋላ በጥንቃቄ ሲፈተሽ የተባለው ውጤት አልተገኘም። ወሬው ግን እስካሁን ይዞራል።

ትዕግስት፦ እኔ የማየው ሌላ ነው። ጥቁር ውሰድ። ለቅሶ ቤት ጥቁር ሐዘን ነው። አባቶች የሚደርቡት ጥቁር በርኖስ ግን የክብር ነው፤ ማንም «ምን ደረሰባቸው?» አይልም። ቀለሙ ያው ነው፤ የተለየው ቀኑና ለባሹ ነው። ነጠላም እንዲሁ። ጥለቱ ከታች ሲሆን ሌላ፣ ሐዘን ላይ ወደ ላይ ዞሮ ሲለበስ ሌላ። ክሩ አልተቀየረም።

ደረጀ፦ ነጭ ቬሎም ቢሆን ገናና የሆነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። ቻይና ደግሞ ነጭ በባህሉ የለቅሶ ነው።

ትዕግስት፦ ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ «ምን ይሰማሻል?» አልልም። «ለምን ዝግጅት ነው? ቀን ነው ማታ? ሚዜዎቹስ ምን ይለብሳሉ?» እላለሁ። ከዚያ ክሩን ይዤ በር ላይ እወጣለሁ። በአምፖል አንድ የሚመስሉ ሁለት ክሮች ፀሐይ ላይ ይለያያሉ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ደረጀ፦ እና ከስልኩ። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ጨርቅ የሚመልሰው የሌላውን ብርሃን ነው። ስልክ ላይ የሚንቦገቦገውን አረንጓዴ ክር ላይ አምጪው ቢሉሽ ከየት ታመጪዋለሽ?

ትዕግስት፦ ያስረዳህልኝ ይባርክህ። አንድ ጥያቄ አለ፣ ከሸዋ ሮቢት። «የልብስ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ልቀባው? ደንበኛ ያረጋጋል ብለውኛል።»

ደረጀ፦ እህቴ፣ ሸዋ ሮቢት የሚያረጋጋው ቬንትሌተር ነው! ከውጭ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ፈዘዝ ያለ ቀለም ቀቢው፤ ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት ይስባል።

ትዕግስት፦ ከውስጥ ደግሞ መስታወቱ አካባቢ ነጣ ያለ ይሁን። ደማቅ ግድግዳ ቀለሙን ልብሱም ፊትም ላይ ይጥላል። አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ የቆመች ደንበኛ የታመመች ትመስላለች፤ ጥፋቱን ቀሚሱ ላይ አድርጋ ትወጣለች።

ደረጀ፦ ሰማያዊውን ከወደድሽው በሩን ቀቢው። ታፔላውን ለእኔ።

ትዕግስት፦ ማስታወቂያ አትሥራ!